ሁለት ጊዜ እሳት ያየ ዳቦ

ለወንድምዓለሜ ለይሄነው፤

ጤናህ እንዴት ነው? ክረምቱስ እንዴት አለፈልህ? የጋምቤላ ሙቀትና ወባው ዛሬም ያሳስበናል። ባለቤትህ ሕይወት ከወለደች ወዲህ በረታች ወይ? ትንሿ ፋናስ ዳዴ ማለት ጀመረች? እኛ ከአንተ መራቅ በቀር የጎደለብን የለም፤ ተመስገን። እናታችን ጉልበቷን ቢያማትም ቤተ ክርስቲያን መሳሙን አልተወችም።

የምሠራበትን የወይዘሮ ዋሂዳን ዳቦ ቤት ታውቀዋለህ። ነሐሴ ላይ በገበያ ቀን ከባድ በረዶ ወረደና ከገጠር የሚመጣው ሰው ሁሉ ቀረ። የጋገርነው ዳቦ እንደተቆለለ ዋለ። ገበያው ከቀዘቀዘም ከርሞ ነበርና ወይዘሮ ዋሂዳ አንገታቸውን ደፍተው፣ "ውብአየሁ፣ እንግዲህ ልዘጋው ነው፤ ሌላ ሥራ ፈልጊ" አሉኝ።

ያኔ አንተ እኔን ለማስተማር ብለህ ትምህርትህን ትተህ ለጉልበት ሥራ ወደ መተከል የወረድክበት ቀን ታወሰኝ። እናታችን ዳቦው መንገድ ላይ እንዳይሻግትብህ ቆራርጣ እሳት ዳር ደግማ አድርቃልህ ነበር። እኔም ወይዘሮ ዋሂዳን ለምኜ የተረፈውን በስሱ ቆራረጥኩ፤ ጥቂት ማር ቀባሁና መልሼ ምድጃ ከተትኩት። ሲወጣ ኩርሽም ኩርሽም ይላል። በሁለት ቀን አለቀ፤ የባጃጅ ሹፌሮች ሳይቀሩ ደግመው መጡ።

አንድ ቀን የእንግሊዝኛው መምህር ምንይችል እየበላ ስሙን ጠየቀኝ። ብስኩት እንዳልለው የፋብሪካ አይደለም ብዬ አፍሬ፣ "ደረቅ ዳቦ" አልኩት። ሳቀና፣ "ኧረ ዋናው ብስኩት ይሄ ነው! እንግሊዞች ቃሉን ከፈረንሳዮች ወሰዱት፤ ሥሩ የጥንቱ ላቲን ነው፤ ፍቺውም ሁለት ጊዜ የበሰለ ማለት ነው። ድሮ መርከበኞች ለረጅም መንገድ የሚሰንቁት ነበር" አለኝ። እንባዬ መጣ። ፊደል ያልቆጠረች እናታችን ለመንገደኛ ልጇ ያሰበችውን፣ ባሕር ማዶም ለመንገደኛው አስበውት ኖሯል።

ዳቦ ቤቱ አልተዘጋም። ወይዘሮ ዋሂዳ ብስኩቱን በላስቲክ ማሸግ ሲጀምሩ፣ "ስም አውጪለት" አሉኝ። "ያለምወርቅ" አልኳቸው። ባለፈው እሑድ አዘና ሄጄ ለእናታችን እሽጉን ሰጠኋትና ስሟ የተጻፈበትን አሳየኋት። በጣቷ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰችውና፣ "ስሜ ይህን ያህል ይረዝማል?" አለችኝ። አንተ ያን መንገድ ባትሄድልኝ ኖሮ አላነብላትም ነበር፤ ውለታህን እግዚአብሔር ይክፈልልኝ።

ሕይወትን ጉንጯን ሳምልኝ። ፋናን በእኔ ፈንታ እቀፋት። ጎረቤታችሁን ጋሽ ቢሻውን ወባ በያዘህ ጊዜ ስላስታመሙህ አመስግንልኝ። እናታችን ምርቃቷን ልካለች።

እህትህ ውብአየሁ
ቆሰበር፣ መስከረም 24 ቀን 2017 ዓ.ም.