የነጋዴው ፊት

ሰኞ፣ ኅዳር ፰

የባሏን አፍንጫ ዛሬም ለወጠችው። ትናንት ሰልካካ ነው ብላኝ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ደፍጠጥ ይል ነበር አለች። ቅንድቡስ ብላት ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ደጅ ወጣች። እኔም ብሩሼን አጥቤ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።

ወይዘሮ ጥሩነሽ ትባላለች። አባቷ ከሸዋ ጦር ጋር የመጣ ነው፤ እሷ እዚሁ ሆሳዕና ተወልዳ አድጋለች። ባሏ ነጋዴ ነው። በሺንሺቾ አድርጎ ወደ ጎፋ ከወረደ ስድስት ዓመት አለፈው። ሞተ ያለ የለም፤ አየሁት ያለም የለም። እኔን አስጠርታ በቤቷ ያሳረፈችኝ እሱን በካርታ ላይ፣ በሄደበት መንገድ ላይ እንድስልላት ነው።

ካርታዎቹን ጥሎልኝ የሄደው አንድ አገር ለኪ ፈረንጅ ነው። ሸራ የተለጠፈባቸው አሮጌዎች ናቸው፤ ሆሳዕና ገና ዋቸሞ ተብላ ነው የተጻፈችባቸው። በነሱ ላይ ለሰው አገሩን እየሳልኩ ከከተማ ከተማ እዞራለሁ። መንዝ ያለበት ካርታ አልቋል፤ ሹሙም ወታደሩም አገሬን አገሬን እያለ ጨረሰው። የቀረኝ ይኼው እኛ ያለንበት ነው።

ቀይ አፈር አለኝ። ጥላሸት ሞልቷል። ሰማያዊ ጥፍር አይሞላም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፱

ዘዴ አገኘሁ። ሰውዬውን በቅሎ ላይ አስቀምጬ ከጎን ሳልኩት። ከጎን ሲሆን ግማሽ አፍንጫና አንድ ዓይን ይበቃል፤ የማላውቀውን ፊት ግማሹን አመለጥኩ። የፈረንጁ ሥዕሎችም እንደዚያ ነበሩ። ደስ ብሎኝ አፏጨሁ።

አባ ላምቦሬ ሊያየኝ መጣ። የሀዲያ ሽማግሌ ነው፣ የወይዘሮዋ አጥር ከአጥሩ ይገናኛል። ካርታውን ብዙ ካየ በኋላ የኔ እንሰት የታለ አለኝ። የለም አልኩት። እንግዲያ ያ ፈረንጅ እዚህ አልመጣም አለ። በዋቸሞ ጎን ሦስት እንሰት ተከልኩለት። ማታ ቆጮ ከነአይቡ ላከልኝ። እንዲህ ያለ እራት ከቀመስኩ ቆይቻለሁ፤ የበላሁት ግን ለብቻዬ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር ፲

ጉድ ፈላ። ካርታውን ዘርግቼ ሳሳያት ፊቷ አመድ መሰለ።

«ባሌን ከይሁዳ ጋር ቆጠሩብኝ?» አለች።

ገና ያኔ ነው የነቃሁት። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቅ ሁለት ዓይን አለው። ከጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ይሁዳና ሰይጣን ነው። ይህን ሪዜ ሳይወጣ ተምሬዋለሁ፤ መምህሬ በኩርኩም ነበር ያስገቡልኝ። ሰነፍ ነህ፣ ሰነፍ! ግማሽ አፍንጫ ለመሸሽ ብለህ ሰውን ሲኦል ከተትከው።

የባሏ ወንድም አቶ ደስታም ነበር። እሱ ሥዕሉን እንደ ምልክት ወሰደው። የወንድሜ ነፍስ ፍትሐት አጥታ እየተንከራተተች ነው፣ በሚካኤል እናስፈታውና ተዝካሩን እናውጣ አላት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲናገር እንባው ይወርዳል። እሷ ቢመጣስ አለችው። በሕይወት ላለ ሰው ማን ፍትሐት ያስፈታል? ሚካኤል ከነገ ወዲያ ነው፤ የዚያን ቀን እሺ ወይም እምቢ ልትለው ተለያዩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፩

ጠዋት ሰውዬውን በቢላ ፍቄ አነሳሁት። መልሼ ብጠይቃት ዓይኑ ትልቅ ነው አለች፣ ወዲያው ደግሞ አይ፣ ትንሽ ነው። ትዕግሥቴ አለቀ። ወይ መልኩን ይቁረጡልኝ ወይ ልሂድ አልኳት።



«መልኩ ጠፍቶብኛል» አለች። «ድምፁን አውቀዋለሁ። ሳሉን አውቀዋለሁ። ፊቱ ግን እምቢ አለኝ። እርስዎ ያመጡልኛል ብዬ ነው።»

በቁጣዬ አፈርኩ። እኔስ ዞሪው፣ ፊቴን የሚያስታውስ ሰው ይኖር ይሆን? እናቴ ነበረች። ከሷ ወዲህ በየከተማው ሠዓሊው መጣ፣ ሠዓሊው ሄደ ነው።

እውነቱን ልጻፍ፣ የሚያነበው የለም። ሰውዬው ሞቶ ቢሆን ደስ ይለኛል። በዚህ ቤት ደርሼ ስገባ በሉ ወይ የሚለኝ ሰው አለ። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ይህን ሐሳቤን ፈርቼ ነው ሲመለስ አድርጌ ልስለው የቆረጥኩት። በካርታው ላይ ሆሳዕና ከላይ ናት፣ ጎፋ ከታች። ስለዚህ ወደ ቤቱ የሚወጣ ሰው ጀርባውን ለኛ ይሰጣል። ፊት አያስፈልገውም። በእግሩ፣ በቅሎውን እየሳበ።

ዓርብ፣ ሚካኤል

ከቅዳሴ ሲመለሱ ደስታም አብሯት ገባ። ካርታውን ዘረጋሁ። እየመጣ ነው፣ ፊቱ ወደ እርስዎ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። ቀደመችኝ።

«እሱ ነው» አለች። «ይኼ ትከሻ የሱ ነው። የሄደ ቀን እስከ ወንዙ ሸኝቼው፣ እስኪጠፋ ያየሁት ይኼንን ነው።»

ሥዕሉን በመዳፏ ሸፈነችው። ከዚያ መሬት ተቀምጣ አለቀሰች፤ ለራቀ ሳይሆን ለሞተ የሚለቀሰውን ልቅሶ። ሲወጣላት ወደ ደስታ ዞራ አስፈቱት አለችው።

እኔ ሲመጣ ሳልኩት፣ እሷ ሲሄድ አየችው። የካርታውን ላይና ታች ልነግራት እችል ነበር። ዝም አልኩ። ለሷ አዝኜ ይሁን ለራሴ፣ ይኼን የሚያውቅ ሚካኤል ብቻ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፲፫

የሐዘን ቤት የሠዓሊ መኝታ አይደለም። በቅሎዬን ስጭን ጥቁር ለብሳ ወጣች፤ ስንቅ በእጇ ሰጠችኝ። እግዜር ያጽናዎት አልኳት። አሜን አለች። ዕቃዬን ይዤ ከበሩ ስወጣ ጠራችኝ።

«ሙት ዓመቱ ሲያልፍ በዚህ በኩል እለፍ።»

እለፍ። ይለፉ አላለችም። በዚያ ቤት በሰነበትኩበት ሁሉ፣ በይሁዳ እንኳ ተቆጥታ ሳለ፣ ከአንቱታ ወርዳ አታውቅም። ቢሆንም አንተ ለወንድም ይባላል። ለሎሌም ይባላል። ልቅሶ ያደከመው ሰውም አፉ ይስታል። ሆመቾ እስክደርስ ይህንኑ ሳወጣና ሳወርድ መጣሁ፤ በቅሎዬን ብጠይቃት ጆሮዋን አራገፈች።

አሁን ከአንድ ቤት ደጅ፣ ከበረንዳው ሥር ተቀምጫለሁ። አሳድሩኝ ብዬ እስካሁን እሺ ያለኝ የለም። ዓመት ረጅም ነው።