ፔዳሉን አልረገጥኩም

ጋሼ፣

ስትመጣ ቤቱ ባዶ ነው። ትናንት መኪናዋ ዘላ የግቢውን በር ስትደረምስ፣ «ሰክረህ ነው የረገጥከው!» ብለህ በጸጉሬ ጎትተህ አወረድከኝ፤ በክሪኩ ዘንግ ክንዴን ሰበርከው። እማዬ መሀል ባትገባ ትገድለኝ ነበር። እሷንም፣ የገዛ ሚስትህን፣ ገፍትረህ ግድግዳ ላይ ጣልካት።

ዛሬ በደህናው እጄ ኮፈኑን ከፈትኩ። ሞተሩን ሳላስነሳ ቁልፉን ብቻ ከፍቼ፣ ፔዳሉ ምን ያህል እንደተረገጠ ለሞተሩ የሚነግረውን ሴንሰር በቴስተር ለካሁት። ፔዳሉን በቀስታ የረገጠችልኝ እማዬ ናት። ቮልቱ ቀስ እያለ መውጣት ሲገባው፣ መሀል ላይ ይጠፋና ድንገት ሽቅብ ይዘላል። ደጋገምነው፤ ያው ነው። መኪናዋ ናት በራሷ የተፈተለከችው።

ሴንሰሩን ሳትቀይር እንዳትነዳት፣ ሰው ትጨርሳለህ። የባትሪውን ሽቦ ነቅዬዋለሁ።

ይቅርታህን አልፈልግም።
ተከትለኸን ብትመጣ ግን፣ አንድ እጅ ነው የቀረኝ፤ ለአንተ አያንስህም።

እማዬ አብራኝ ናት። «ከአንቺ ምን ብዬ ልጻፍለት?» አልኳት።

ሰማችኝ። ጫማዋን ማሰሯን ቀጠለች።