ጠርሙሶቹና የአባዬ ከረጢት

ጥር 6
ቆሻሻ መጣያው ዛሬም ክዳኑ አልገጥም አለ። የዛሬ ሳምንት አይደል እንዴ የደፋሁት? በእግሬ ረግጬ ላሳንሰው ብል የብስኩት ላስቲክ ጫማዬ ላይ ተጣብቆ እስከ ክሊኒኩ ድረስ ተከተለኝ። የላብራቶሪው ኃላፊ ቁልቁል አየኝና "ዛሬ ምን ተጫምተሽ ነው?" አለኝ።

ከሥራ ስመለስ ደግሞ ልጄ፣ ያቺ የዘጠኝ ዓመት ጠበቃ፣ መጣያውን ሳሎን ምንጣፍ ላይ ዘርግፋ ጠበቀችኝ። የፓስታ፣ የሩዝ፣ የስኳር፣ የሳሙና... ፌስታል ውስጥ ያለ ፌስታል።
"እማዬ፣ ስድሳ አንድ ቆጠርኩ። የምንገዛው ምግቡን ነው ወይስ ላስቲኩን?"
"መጀመሪያ ምንጣፉን አጽጂ" አልኳት። መልስ ሲጠፋኝ እንዲህ ነው የምለው። አባዬ ከኩሽና ሆኖ ሲስቅብኝ ሰማሁት።

ጥር 8
በቃ፣ ወሰንኩ። ከእንግዲህ ዕቃዬን ይዤ ነው ሱቅ የምሄደው። ዕቃ ቤት የተጠራቀሙትን የማር ጠርሙሶች አወጣሁ። አሥራ ሁለት፤ ሁሉም አንድ ቁመት፣ አንድ ዓይነት ክዳን። አጥቤ ስደረድራቸው ልቤ ረካ።

አባዬን "ከተረፉህ ጨርቆች አራት ከረጢት ስፋልኝ፤ ለሽንኩርቱ፣ ለድንቹ" አልኩት። አርባ ዓመት ልብስ የሰፋ ሰው፤ ለእሱ ይህ ምኑም አይደል።
"ማሽኑ ዘይት ይፈልጋል" አለኝ።
"ያለ ዘይት አይሠራም?"
"አንቺ ያለ ቁርስ ትሠሪያለሽ?"
ተውኩት።

ጥር 12
ሱቅ። ዛሬ ያየሁት መከራ...
"እህቴ፣ ሩዝ እኮ የሚመጣው በላስቲኩ ነው" አለ ባለሱቁ።
"ከጀርባህ ያለው ጆንያስ?"
ዞሮ አየው። "እሱማ አለ።"
ባዶውን ጠርሙስ መዘነ፣ ጻፈ፣ ሞላ፣ እንደገና መዘነ። ቀጣዩን አነሳ። ከኋላዬ ሰልፍ ተሠራ። አንዷ ሴትዮ "ቤተሰቡንም አምጥተሽ ታስመዝኚዋለሽ?" አለችኝ። ላብ በላብ ሆንኩ። ግን ስኳሩንም ጨውንም ምስሩንም ሞልቼ መጣሁ።

ባለቤቴ መደርደሪያውን አይቶ "ሚስቴ ፋርማሲ ከፈተች" አለ። አባዬ ፊት ለፊቱ ቆሞ ቆየ። "ያምራል" አለ። ሌላ ነገር አልጨመረም። ሁልጊዜ ነገር የማያልቅበት ሰው...

ጥር 15
ሻዩ በጨው መጣ። ሦስታችንም እኩል ተፋነው።
"ስም የላቸውማ። እንዴት ልለያቸው?" አለ አባዬ። እውነቱን ነው። ሥራ ቦታ ስም ያልተጻፈበት ብልቃጥ ጠረጴዛ ላይ ብተው በዚያው ቀን ነው የምሰናበተው። ቤቴ ስገባ አእምሮዬን በር ላይ ነው እንዴ የማስቀምጠው?

ከጠበቃዋ ጋር ቁጭ ብለን ነጭ ወረቀት ቆረጥን። በዚያ በሚያምር ጽሕፈቷ ጻፈች፣ እኔ ለጠፍኩ። ጨው። ስኳር። ሩዝ። ነገሩ ተፈታ።

ጥር 19
ከረጢቶቹ ደረሱ። የአንዱ ስፌት ከመሃል ይነሳና ወደ ግራ ይሄዳል፤ ሐሳቡን ቀይሮ ደግሞ ይመለሳል። የሌላው ማንጠልጠያ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። ቸኩሎ ይሆን? ወይስ ማሽኑ እውነትም ዘይት ፈልጎ ነበር?
"ደስ ይላሉ" አልኩት።
"እውነት?" አለኝ።
ለምን እንደዚያ አድርጎ ጠየቀኝ?

ጥር 20
ባለሱቁ ከረጢቱን ገለባብጦ አየው። "ማን ሰፋው?"
"አባቴ። ልብስ ሰፊ ነው።"
አንዴ ከረጢቱን አንዴ እኔን አየና "ዕድሜ ይስጣቸው" ብሎ ሽንኩርቱን ጨመረበት። ተናድጄ ነው የወጣሁት። በማን እንደሆነ እንጃ።

ጥር 26
ምሳ ላይ የነበረው ሾርባ ስኳር ስኳር ይላል አለችኝ ጠበቃዋ። ቀመስኩት፤ ይላል።
"ተጽፏል እኮ፣ አባባ" አለችው።
"አይቻለሁ። እጄ ነው የሳተው።"

ባለቤቴ መኝታ ቤት ይዞኝ ገብቶ በሩን ዘጋ። "ዛሬ ስኳር ነው፤ ነገ ምድጃውን ሳያጠፉ ቢተዉትስ? ልጅቷ ምሳ የምትበላው ከእሳቸው ጋር ብቻዋን ነው። ኩሽናውን ቢተዉልን ይሻላል።" ክፋት አይደለም፤ ፍርሃት ነው። እኔም ፈርቻለሁ።

ግን አባዬን ከኩሽና ማስወጣት... እናቴ የሞተች ጊዜ እኛ ጋር ሲመጣ ሁለት ወር ሙሉ ግድግዳ ሲያይ ነበር የሚውለው። አንድ ቀን ተነስቶ ድስት ያዘ፣ ሰው ሆነ። አሁን በየትኛው አፌ ነው ተው የምለው?
"እሑድ አናግረዋለሁ" አልኩት።

ጥር 28
መብራት ጠፍቶ ላብራቶሪው ቆመ፤ በጊዜ ገባሁ። አባዬ አልሰማኝም።

መደርደሪያው ጋ ቆሟል። አንዱን ጠርሙስ አነሳ፣ ወረቀቱን በአውራ ጣቱ ዳበሰው፤ ልክ ጨርቅ ሲመርጥ እንደሚያደርገው። መስኮቱ ጋ ወሰደው። አፍንጫው ሥር አስጠጋ፣ አራቀው። ከዚያ ክዳኑን ከፍቶ ጣቱን አስገባና ቀመሰ። መልሶ አስቀመጠው። ቀጣዩን... አሥራ ሁለቱንም። "አንደኛ ጨው፣ ሁለተኛ ስኳር፣ ሦስተኛ ሩዝ..." ለፈተና እንደሚያጠና ተማሪ በቃሉ ይላቸዋል።

እኔ ደግሞ ሱቅ በሄድኩ ቁጥር አጥቤ እንደመጣልኝ ነው የምደረድራቸው።

ቀስ ብዬ ወደ ደረጃው ተመለስኩና ጫማዬን እያንኳኳሁ እንደገና ገባሁ።
"መጣሽ?"
"መጣሁ።"
መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ። ወረቀቱን አያየውም። ከመቼ ጀምሮ? እንዴት አንድ ቤት ውስጥ እየኖርኩ አላወቅኩም?

ጥር 29
ሁሉንም በየላስቲኩ ገዝቼ መጣሁ። ጠበቃዋ አኩርፋ ክፍሏ ገባች። አባዬ የላስቲኩን ድምፅ ሰምቶ መጣ።
"ይሄ ምንድን ነው?"
"የድሮው ይሻላል ብዬ..."

አንዱን አንስቶ ጨመቀው። "ይሄ የሚንኮሻኮሸው ጨው ነው። የስኳሩ ላስቲክ ወፍራምና ለስላሳ ነው። ሩዙ ላይ ቀይ ክብ አለ፤ ቀይ አሁንም ትንሽ ትንሽ ይታየኛል።" አስቀመጠው። "አይተሽኛል ማለት ነው።"
"አዎ።"
"ለባልሽ ነገርሽው?"
"ገና።"
ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "መርፌ ማየት ከተውኩ ዓመት አልፎኛል። ከዚህም ካስወጣችሁኝ ምን እሠራለሁ፣ ልጄ?"
"ለምን አልነገርከኝም?"
"ያንቺ ጣጣ መች አነሰሽና?"
እጁን ያዝኩት።

ቆይቶ "ይህን ላስቲክ መልሺው" አለኝ። "ልጅቷ የለፋችበትን በእኔ ሰበብ አታበላሺባት። ይልቅ የቁልፍ ጣሳዬን አምጪ።"

አመጣሁለት። የአርባ ዓመት የሸሚዝና የካፖርት ቁልፎች። ጣቱን ከቶ ሳያይ ይመርጣል። "ጨው ትንሿ የሸሚዝ ቁልፍ ትሁን። ስኳር ትልቁ የካፖርት። ሩዝ ይሄ ባለ ጉብታው። ምስር ሁለት የሸሚዝ ቁልፍ ጎን ለጎን..." ክሩን እኔ በቀዳዳው አሳልፋለሁ፣ እሱ ጠርሙሱ አንገት ላይ ይቋጥራል። ጠበቃዋ ከክፍሏ ብቅ አለች፤ ኩርፊያውን ረስታ ገባችበት። ባለሱቁም ዕቃውን መልሶ ወሰደልኝ፣ እግዜር ይስጠው።

ጥር 30
እሑድ። ለባለቤቴ አባዬ ራሱ ነገረው። ባለቤቴ ፎጣ አንስቶ የገዛ ዓይኑን አሰረና መደርደሪያው ጋ ሄደ። ቁልፎቹን እየዳበሰ ከአሥራ ሁለት አምስት ሳተ። አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ አንድም አልሳተም። የምድጃውንም ማጥፊያ በእጁ ሦስት ጊዜ እንደሚነካ አሳየን።
"እሺ፣ ኩሽናው የእርስዎ ነው" አለ ባለቤቴ። "ግን ሐኪም ቤት እንሄዳለን።"
"አንተ ደግሞ፣ በሰላም አትውልም" አለው አባዬ። እምቢ ግን አላለም።

የካቲት 9
የዓይን ሐኪም። ወጣት ሴት ናት፣ እጇ ለስላሳ።
"የዓይን ሞራ ነው፣ አባቴ። ይገፈፋል። እስካሁን የት ነበሩ?"
"ኩሽና" አላት።
ለመጋቢት ቀጠሮ ሰጠችን። ይገፈፋል አለች... መንገዱን ሙሉ ይህችን ቃል ለራሴ ስደግማት ነበር።

የካቲት 24
ጠበቃዋ የሳምንቱን መጣያ ቆጠረች። ዘጠኝ። አራቱ የራሷ የከረሜላ ወረቀት ናቸው፤ "እነሱ አይቆጠሩም" ትላለች። ያቺ ሰልፍ ላይ ያሾፈችብኝ ሴትዮ ዛሬ ሁለት ጠርሙስ ይዛ ሱቅ አገኘኋት። እንዳላየ ሆኜ አለፍኩ፤ እስከ ቤት ግን ብቻዬን ስስቅ ነበር።

መጋቢት 14
ቀኝ ዓይኑ ተሠራ። እሱ ቀልድ ሲያወራ እኔ ወንበሩን ጨምድጄ ይዤ ነበር።

መጋቢት 15
ሽፋኑ ተነሳ። ትኩር ብሎ አየኝ። "ምነው?" አልኩት።
"ጸጉርሽ መቼ ሸበተ?"
እንዲህ ያለ ስድብ በደስታ ተቀብዬ አላውቅም።

መጋቢት 25
ቅዳሜ። ሱቅ ልወጣ ስል ከረጢቱን ከበሩ ጀርባ አነሳሁ።
"ቆይ እስቲ። ያ ምንድን ነው?" አለ አባዬ።
"ከረጢት ነዋ።"
"አምጪው።"
መስኮቱ ጋ ወሰደው። ስፌቱን በጣቱ ሳይሆን በዓይኑ ተከተለው፣ ከላይ እስከ ታች።
"እኔ ነኝ ይህን የሰፋሁት?"
"አንተ ነህ።"
"ሁለት ወር ሙሉ ይህን ይዘሽ ስትወጪ ነበር? ሰው እያየሽ?"
"በየሳምንቱ። ማን ሰፋው ሲሉኝ አባቴ፣ ልብስ ሰፊ ነው እላለሁ።"

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ትከሻውን አየሁት።
"ስሜን እንዲህ ስታጠፊ ኖረሻል" አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ ግን ሌላ ነበር። "ሁሉንም አምጪ። መቀሱንም።"

ሌላ ሁለት አመጣሁ። ሲተረትራቸው፣ ያን ሁሉ ጠማማ ክር ሲመዝ ቆሜ አየሁ። መርፌውን ወደ ብርሃኑ ያዘና ክሩን በአንድ ጊዜ አስገባው። ቀና ብሎ አየኝ፣ አይተሻል አይደል በሚል ዓይነት።
"አራት አልነበሩም እንዴ?"
"ሦስት ናቸው" አልኩት።

አራተኛው፣ ያ ስፌቱ ግራና ቀኝ የሚሄደው፣ የሥራ ቦርሳዬ ሥር ነው። እሱን አልሰጥም።

ማሽኑ እስከ ምሳ ሲንኳኳ ቆየ። ዘይት አልጠየቀም።