ከማዶ ያለው በር

ጥቅምት 4
ዛሬም ያው ነው። ቀሚስ ስሰፋ ዋልኩ። ጢሞ ከመንገዱ ማዶ ሱቁ መስኮት ላይ አዲስ ሱፍ ሰቅሏል። ስፌቱ እንከን የለውም... ያበሽቀኛል። እኔ የሴት፣ እሱ የወንድ እንሰፋለን፤ ኮት የሚያሰፋ ሰው ሲመጣ ግን ስንናጠቅ ዕድሜያችን አለቀ።

ጥቅምት 11
የጢሞ ሱቅ ተዘግቷል። ታሟል አሉ። ልጄ ደስ ብሏታል። "እማ፣ እንግዲህ ገበያው የኛ ነው!" ገሰጽኳት። እኔስ በሆዴ ሌላ አስቤ ነበር?

ኅዳር 2
ገበያው የኛ አልሆነም። ድሮ ባል ለሱፍ ሲለካ ሚስት እኔ ጋ ጎራ ትል ነበር። አሁን ሁለቱም ቀሩ። የቁልፍ ቀዳዳ የሚሠራው ማሽንም የጢሞ ነው፤ ተጣልተንም ቢሆን ልብሱን እሱ ጋ ነበር የምልከው። ዛሬ አንዲት ሴትዮ የሱን በር አይታ "ሰፈሩ ተዘጋ እንዴ?" ብላ ተመለሰች። እኔ እኮ አለሁ! እንዲህ ከቀጠለ እኔም መዝጋቴ ነው... ፈራሁ።

ኅዳር 5
ልጠይቀው ሄድኩ። ጢሙ ብቻ ነው የቀረው።
"ደስ አለሽ አይደል?"
"አንተ ሰውዬ፣ ታመህም አፍህ አይዘጋ!"
ሊስቅ ሲል ሳሉ ቀደመው። ቆይቶ፣ "በሬን ክፈችልኝ። ባዶም ቢሆን ክፍት ይሁን" አለ። ሚስቱ ቁልፉን ሰጠችኝ። እያለቀስኩ ተመለስኩ።

ኅዳር 20
ጠዋት ጠዋት በሩን እከፍታለሁ። ሚስቱ ከሰዓት ትመጣለች። ዕድሜዋን ሙሉ ጨርቁን ስትቀድለት ኖራለች፤ ማሽኑ ላይ ግን አንድ ቀን ተቀምጣ አታውቅም። እያስተማርኳት ነው። ልጄ ተቆጣች፤ "በገዛ እጅሽ ተፎካካሪ ታሳድጊያለሽ?"
አንድ እጅ አያጨበጭብም አልኳት።

ታኅሣሥ 3
ጢሞ ሞተ።
ከማንም ጋር እንደሱ ተጨቃጭቄ አላውቅም። ምን ልጻፍ...

ሰኔ 8
ባልና ሚስት መምጣት ጀምረዋል፤ እሱ ማዶ፣ እሷ እኔ ጋ።
ዛሬ ግን የዘመናት ደንበኛዬ፣ መምህሯ፣ ኮቷን የጢሞ ሚስት ጋ አሰፋች። አልቻልኩም፣ ሄጄ አየሁት። ኮሌታውን ገለበጥኩ፣ ብብቱን ጎተትኩ። እንከን የለውም።
"እትዬ፣ እንዴት ነው?" አለችኝ ፈራ ተባ እያለች።
"ደህና ነው" አልኩ። ከዚህ በላይ ከአፌ አልወጣም።
ብው ብዬ ተመለስኩ። ጨርሼ የሰቀልኩትን ኮት አውርጄ ኮሌታውን ፈታሁት። እንደገና እየሰፋሁት ነው።
ተመስገን።