ጥሩምባ ሰምቶ ለቀረው የባሕር ነፍስ አድን ትብብር ጽሕፈት ቤት

ለክቡር የባሕር ነፍስ አድን አገልግሎቶች የአገራት ትብብር ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ባልደረቦችዎም፣ ጀልባዎቻችሁም ጭምር እንዴት ሰነበታችሁ እላለሁ። እኛ በሺንሺቾ ደህና ነን፤ ዝናቡ በጊዜው ገብቷል፣ ድንቹም አፈር ለብሷል። የጀልባዎቹን ጤና የጠየቅሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከወደብ ወጥተው ብርድ እንዳይመታቸው ምን ያህል እንደምትሳሱላቸው በራሴ ጉዳይ ስላየሁ ነው።

ኤሊያስ አበራ እባላለሁ፣ የሰፈራችን እድር ሊቀመንበር ነኝ። አምና ሆሳዕና ድረስ መጥታችሁ በሆቴል አዳራሽ ስለ ባሕር ነፍስ አድን ስታስተምሩን ከፊት ወንበር ተቀምጬ ነበር። ባሕር ለማየት አንድ አገር ማቋረጥ ለሚያስፈልገው ሕዝብ የመንሳፈፊያ ጃኬት አለባበስ ማሳየታችሁ ውለታ ነው። ደግሞም ልጆቻችን በደላላ እጅ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሄዱ ባሕር እንደሚሻገሩ አውቃችሁ ነበርና ሐሳባችሁ መልካም ነበር። ስልክ ቁጥር የታተመበት ቆብ ለእያንዳንዳችን ሰጣችሁን፤ በዚህ ቁጥር ማንም ቢደውል አገራት ተባብረው ይደርሳሉ አላችሁ። እኛም አጨበጨብን።

ታናሽ ወንድሜ መልካሙና የጎረቤቴ የወይዘሮ ሰፊያ ልጅ ፉአድ በዚያው መንገድ ሲሻገሩ በተሳፈሩባት ጀልባ ላይ ሞተሩ ጠፋና ውኃ ይገባ ጀመር። የብስ ከሩቅ ይታይ ስለነበር ስልክ ይሠራ ነበር፤ መልካሙ ደወለልኝ፣ እኔም ቆቡን ከምስማሩ አውርጄ ደወልኩላችሁ። ከአንዱ አገር የነፍስ አድን ጣቢያ ወደ ሌላው እየተላለፍኩ ያገኘሁት መስተንግዶ የሚከተለው ነው።

1. የመጀመሪያው ጣቢያ ደስ የሚል ሙዚቃ ካሰማኝ በኋላ ጀልባዋ ሁለት አገራትን ከሚለየው የባሕር ድንበር መስመር ወዲህ ናት ወይስ ወዲያ ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄውን ለመልካሙ አደረስኩ። ልጁ ዙሪያውን ቢያይ ከውኃ በስተቀር ምንም አላገኘም፤ ምናልባት መስመሩን በዚያ ሳምንት ቀለም አልቀባችሁት ይሆናል።

2. ሁለተኛው ጣቢያ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ፣ አዘነልኝም፣ ከዚያም የመጀመሪያውን ጣቢያ ቁጥር ሰጠኝ። ቁጥሩ እንዳለኝ ብነግራቸውም ቀስ ብለው በድጋሚ አነበቡልኝ።

3. ሦስተኛው ጣቢያ ጀልባም ነዳጅም ነበረው። የሚያዝዙት ኃላፊ ግን ሌላ አገር የትብብር ስልጠና ላይ ነበሩ። ቆብ እንደደረሳቸው ተስፋ አደርጋለሁ።

4. ይህ ምስጋና ነው። እኔ ስደውል መረብ ሊጥል የወጣ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ከውኃው ላይ እጅ ሲውለበለብ አይቶ ታንኳውን አዞረ። ቆብ የለውም፣ ስልጠናም አልወሰደም። ታንኳዋ የቻለችውን ጭኖ፣ መልካሙንም ጨምሮ፣ የብስ አድርሶ ተመለሰ። ፉአድ ባዶ ጀሪካን አቅፎ ይጠብቅ ነበር፤ ሽማግሌው ሲመለስ ያገኘው ጀሪካኑን ብቻ ነው። ይህን ጊዜ የሁለት አገር ጀልባዎች ጎን ለጎን እየበረሩ መጡ፤ ሽማግሌውን መስመር ጥሰሃል ብለው ሊይዙት። ሬዲዮአቸው ተግባብቷል፣ መስመሩንም አልተቸገሩበትም። ለዚህ ፍጥነታችሁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ክቡር ሆይ፣ እኛ ጋ ሥራው ቀለል ያለ ነው። የሰፈራችን ሰው የሱልጣን አይሱዙ ወደ ዶዮገና ሲወጣ ገደል በገባ ጊዜ ከሀዲያም ከከምባታም ወገን ያለው ሰው ገመድ ይዞ ወረደ እንጂ የፊት ጎማው የየትኛው ወረዳ ነው ያለ አልነበረም። በእድራችን ጥሩምባ ሰምቶ የቀረ ሰው ይቀጣል። ቅጣቱም ሽማግሌ ይዞ ኀዘንተኛው ቤት መሄድና ለምን እንደቀረ በሰው ፊት መናገር ነው።

ወይዘሮ ሰፊያ እስካሁን ለቅሶ አልተቀመጡም። መልካሙ ያየውን ነግሯቸዋል፣ ሼሁም መክረዋቸዋል፤ እሳቸው ግን ልጄን ፈልጎ ያጣው ሰው መጥቶ ይንገረኝ እንጂ፣ ሳይፈለግ ጠፋ ብዬ አላለቅስም ብለዋል። ድንኳናችን እንደተጠቀለለ ነው። ለጽሕፈት ቤታችሁ ጽፌም ጉዳዩ ለሚመለከታቸው አገራት ሁሉ ተላልፏል የሚል መልስ ደረሰኝ። እውነቱን ልናገርና ይህን ሳነብ አንጀቴ አርሯል፤ ጨዋ የሆንኩት ደብዳቤ ስለሆነ ብቻ ነው።

ስለዚህ እድራችን ጽሕፈት ቤታችሁን ጥሩምባ ሰምቶ በመቅረት ጥፋተኛ ብሎታል። ወይዘሮ ሰፊያ ቤት ቀርባችሁ ፉአድን ፈልጋችሁት እንደሆነ፣ ካልፈለጋችሁትም እንዳልፈለጋችሁት እንድትነግሯቸው በታላቅ ትሕትና ታዛችኋል። እስከ ሺንሺቾ ያለው መንገድ የብስ ስለሆነ ጀልባዎቹን አያሰጋም።

የሰጣችሁኝን ቆብ አውልቄ፣ ወገቤን ሰብሬ እጅ የምነሳ፣
በየብስ የምገኝ አክባሪያችሁ፣
ኤሊያስ አበራ

ተጨማሪ፦ ከመካከላችን ማን ይሂድ ብላችሁ እባካችሁ ስብሰባ እንዳትጠሩ። ወይዘሮ ሰፊያ ሁላችሁም ተባብራችሁ እንድትመጡ አልጠየቁም፤ ያን ዕለትም አንድ ጀልባ ይበቃ ነበር።