የረዘመው ኬብል

ሰኞ፣ የካቲት 3

ስሜ የለም። ሦስቴ አየሁት፣ የለም። ሁለት ዓመት ዓይኔን ያጠፋሁበትን ጥናት የሥራ ባልደረባዬ ዳኛቸው ብቻውን እንደሠራው አድርጎ አርብ ሊያቀርበው ነው፤ ቴዎድሮስ አደባባይ ጋ ባለው አዳራሽ። የስበት ሕግ ተጣሰ ይላል! ማስረጃው የእኔው ፐልሳር ነው፤ እየተሽከረከረ በየዙሩ የሬዲዮ ምልክት የሚልክ የሞተ ኮከብ፣ ከእጅ ሰዓቴ አብልጬ የማምነው። ምልክቱ ከአንድ ቀን ጀምሮ ዘግይቶ ይደርሳል። ስበት ነው ያዘገየው ባይ ነው። ስደውል አያነሳም። ቆይ ብቻ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ፒያሳ ማኪያቶዬን እየጠጣሁ የድሮ ደብተሬን ሳገላብጥ አገኘሁት። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። የፐልሳሩን ምልክት የሚቀበለው ቴሌስኮፕ ጋ በሄድኩበት ወር የጻፍኩት ነው፦ «ዛሬ የአንቴናውን ኬብል ቀየርን። አዲሱ ይረዝማል። ነገ የቴሌስኮፑ መዝገብ ላይ አስገባለሁ።»

አላስገባሁም። ምልክቱ መዘግየት የጀመረው ያን ቀን ነው። ኬብል ሲረዝም ምልክት ይዘገያል፣ በቃ። የዳኛቸው አዲስ ፊዚክስ የእኔ ኬብል ነው! አልነግረውም። ሰው ፊት ይዋረድ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ደወለ። ደግሞ «እህቴ» ይለኛል። ንግግሩ መጨረሻ ላይ ሊያመሰግነኝ አስቧል። ምስጋና! እሺ ብዬ ዘጋሁት፤ ስለ ኬብሉ ትንፍሽ አላልኩም።

ለነገ፦ ደብተሩ። ቀዩ ሻርፕ። የፊት ወንበር።

እማዬ ብቻዬን ስስቅ ሰምታ አማተበች። ጉዳዩ ግን አያስቅም። መዝገቡን የረሳሁት እኔ ነኝ። ይህን ከተናገርኩ ቴሌስኮፑ ጋ ዳግም የሚልከኝ የለም። ዝም ካልኩ ደግሞ ሥራዬን በልቶ ይቀራል። እናገራለሁ።

አርብ፣ የካቲት 7

አዳራሹ ጢም ብሏል። ዳኛቸው አዲስ ሱፍ ለብሷል። ሲጨርስ እጄን አወጣሁ። ደብተሬን ከፍቼ ቀኑንም ኬብሉንም አነበብኩ። ፊቱ አመድ መሰለ። ምን እዋሻለሁ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

መድረኩን የሚመሩት ፕሮፌሰር ታዲያ ለምን መዝገብ ላይ የለም ብለው ጠየቁ። ዳኛቸው ማይክሮፎኑን እንደያዘ ቀደመኝ።

«እኔን ምን አገባኝ? መረጃውን የሰበሰበችውም ያሰላችውም ሰናይት ወልዴ ናት። ስህተቱ የእሷ ነው።»

ፕሮፌሰሩ የጥናቱን የመጀመሪያ ገጽ ገልጠው ስሞቹን ፈለጉ። አንድ ብቻ ነው። ከዚያ ቀና ብለው እሱን አዩት።

«ልክ ነው፣ የእኔ ነው» አልኩ።

ሰኞ ሁለታችንም ቢሯቸው ተጠርተናል። ምን እንደሚወስኑ እንጃ። በእግሬ ወደ ፒያሳ ወጣሁ። ስሜን ግን ጠራው፣ ከነአባቴ፣ በማይክሮፎን።