ጠላት ስላጣንለት ማርከሻ

ለክቡር ዶክተር አሊስተር ፌንዊክ
የብሔራዊ የሕክምና መከላከያ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር
ካንቤራ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎንና ቤተሰብዎን በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም አየር እንደ ልብ ከሚገባበት ደረት ጋር እንዲያገኛችሁ ምኞቴ ነው። እኛ የወራንዲ ነዋሪዎች ከወንድሜ ከክላይቭ በስተቀር ደህና ነን።

አንደኛ፣ አገራችንን ከወረርሽኝና ከኬሚካል ጥቃት የሚጠብቀው መድኃኒት በእኛ የጥጥ ከተማ፣ ያውም ከሆስፒታላችን ፊት ለፊት ባለው መጋዘን እንዲቀመጥ በመፍቀድዎ ያደረብን ኩራት ይህ ነው አይባልም። የነርቭ መርዝ ማርከሻው በሳጥን በሳጥን ተደርድሮ በሽቦ አጥሩ በኩል እያየነው እንውላለን። የጥጥ ትል ማጥፊያችን የዚያው መርዝ የቅርብ ዘመድ መሆኑን ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል።

ሁለተኛ፣ ክላይቭ ቦይ ዳር የመስኖ ቧንቧ ሲያስተካክል ነፋሱ ዞረና የርጭት አብራሪያችን ዳሪል ከአውሮፕላኑ የሚረጨው የትል ማጥፊያ ሁሉ እላዩ ላይ ወረደበት። አረፋ እየደፈቀ ሆስፒታል ገባ። ሐኪማችን ያለውን ማርከሻ አሟጦ ሰጠውና ተጨማሪ ፈለገ። መጋዘኑን ላስከፍት ብዬ ስደውል ያነሳው ትሬንት የተባለው ተረኛዎ ትሕትናው ልብ ይነካል።

«ወዳጄ፣ የረጨው ማነው?»

«ዳሪል።»

«ጠላት ነው?»

«የክሪኬት ክለባችን ሊቀመንበር ነው።»

«ሰው ሊገድል አስቦ ነው?»

«ኧረ ትል ሊገድል ነው።»

«እንግዲያው አደጋ ነው እንጂ ጥቃት አይደለም። እኛ ጋ ያለው የጥቃት ነው። የአደጋውን የክፍለ ግዛቱን ጤና ቢሮ ጠይቂ፤ ዛሬ ግን የፈረስ እሽቅድምድም በዓል ስለሆነ ዝግ ናቸው፣ ወዳጄ።»

አጠገቤ የቆመው ዳሪል ስልኩን ነጠቀኝ።

«ስማ ልጄ፣ ጠላት ነኝ። ሆን ብዬ ነው። ክፈተው።»

«የየትኛው አገር ጠላት?»

«የፈለግከውን ጻፍ።»

«የሐሰት ጥቆማ እኮ ያስከስሳል፣ ወዳጄ።»

ዳሪል ስልኩን መለሰልኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ። ክላይቭ ከሰዓት በኋላ ሞተ። ከማርከሻው ግን አንዲት ጠብታ አልጎደለም፤ እንኳን ደስ ያለዎት።

ሦስተኛ፣ ከቀብሩ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሰዎችዎ መጥተው መድኃኒቱ ጊዜው አልፎበታል በማለት ከከተማው ቆሻሻ መጣያ አጠገብ አቃጠሉት። ለታዳሚው ሁሉ የተጠበሰ ቋሊማ በዳቦ ስላደሉን ከልብ እናመሰግናለን። የክላይቭ ሚስት ሮንዳ «ለእሱ ይሆን የነበረው የትኛው ሳጥን ነው?» ብላ አንዱን ሰውዎን ብትጠይቀው «ሽንኩርት ይጨመርልሽ?» አላት። እንዲህ ያለ መስተንግዶ በሐዘን ቤትም አይገኝም።

አሁን አዲስ ማርከሻ መጥቶ እዚያው ተቆልፎበታል፤ የርጭቱም ወራት ደርሷል። ልመናችን አንድ ብቻ ነው፤ ቁልፉን ለሐኪማችን ይስጡት።

ጥቃት ሳይደርስባቸው በሚሞቱ ዜጎችዎ ስም፣ ትንፋሽ እስካለኝ ድረስ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሳ፣

ግሌኒስ ፐርቴል
ወራንዲ

ማሳሰቢያ፦ ዳሪል ከእንግዲህ አልበርም ብሏል። በምትኩ የተቀጠረው አብራሪ የኒውዚላንድ ሰው ነው። የውጭ ዜጋ መሆኑ ጥቃት ለመባል ይበቃ እንደሆነ ሰኞ ርጭት ሳይጀምር ቢያሳውቁን መልካም ነበር። የቦይ ዳሩን ሥራ የተረከበችው የክላይቭ ልጅ ስለሆነች፣ መልሱን በቀጥታ ለእሷ ይጻፉላት።